ከልክ ያለፈ ቅባት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14። ከጠዋቱ 4 ሰ.

ደግሞ መብራት ሄደ። ማሽኑ አራተኛውን ናሙና ገና እንደጀመረ ድርቅ አለ። ጄኔሬተሩ የሚነሣው ቁልፉን የያዘው ሰው ቁርሱን ሲጨርስ ነው። እስከዚያ አንቺን ከቦርሳዬ አውጥቼ ተቀምጫለሁ። ሌላ የምጮኽበት የለኝምና ደብተሬ፣ ስሚኝ።

የፀጉር ቅባቱን ለሦስተኛ ጊዜ እየመረመርኩ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ! የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ዶ/ር አንተነህ ውጤቱ አልጣመውም። ድገሚው አለ፣ ደገምኩት። አሁንም አልጣመውም። ወጥ መሰለው እንዴ፣ ጨው ጨምሬ የማስተካክለው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ያለበት ቅባት እንዳይሻግት ማቆያ ኬሚካል ይገባበታል። ይግባ፣ ክፋት የለውም፤ ግን ልክ አለው። እዚህ ቅባት ውስጥ ያለው ማቆያ ስሙ ረጅም ነው፣ ምላስ ያደናቅፋል፣ እኛ ኤምአይ እንለዋለን። ጥቂት ጠብታ በርሜል ሙሉ ቅባት ያቆያል። ሲበዛ ቆዳ ያሳክካል፣ ይባስ ብሎ ያቆስላል። የእኔ ሥራ ቅባቱን አሟሙቶ፣ አጣርቶ፣ ማሽኑ ውስጥ መክተት፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጉብታ ልኩ ከሚታወቅ ናሙና ጉብታ ጋር ማስተያየት ነው። ጉብታው ከፍ ካለ ኬሚካሉ በዝቷል። በቃ። ይኼን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም።

መጣ መብራት። ሁሉንም ከመጀመሪያው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16። ከሰዓት

አለቀ። ከስድስቱ ብልቃጥ አንዱ ለጥቂት አለፈ። አምስቱ ወደቁ። ግራ የሚያጋባው አንዱ ከሌላው አለመግጠሙ ነው። አንዱ ከልኩ ትንሽ በልጧል፣ አንዱ በጣም፣ አንዱ ደግሞ አይጣል ነው።

ለዶ/ር አ. ወሰድኩለት። ፈገግ አለ። (ፈገግታውን እጠላዋለሁ፤ እንደ ሕመምተኛ የሚያስታምመኝ ይመስላል።) ውጤቱ የማይገጥመው የእጄ ስሕተት ስለሆነ ነው አለኝ። በትሕትና! ልኩን የማውቀውን ናሙና ጨምሬ ማሽኑን ፈትሼዋለሁ፤ የጨመርኩትን ያህል ቆጥሮ መልሶልኛል። ይኼን ሳስረዳው ስልኩን ያይ ነበር።

ሌላም አለ፣ እስካሁን አልነገርኩሽም። የቅባቱ ባለቤት እትዬ ዝናሽ ናቸው። የክርስትና እናቴ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እናቴም እሳቸው ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ፀዳ ላይ አዳራሽ ተከራይተው፣ ሴቶች ቀጥረው ቅባት ይሠራሉ። አሁን የጥራት ማረጋገጫ ጠይቀዋል። ጥምቀት እየመጣ ነው፣ ሴት ሁሉ ፀጉሯን ትሠራለች። ወረቀቱን ካገኙ የፒያሳ ሱቅ ሁሉ ይቀበላቸዋል።

ዝምድናችንን ገና በመጀመሪያው ቀን ለዶ/ር አ. ተናግሬያለሁ። ሌላ ሰው ይሥራው ብዬዋለሁ። ሌላ ሰው የለም አለ። እውነቱን ነው፣ የለም።

ለእትዬ ዝናሽ ግን ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? አልፏል ሲባሉ እልል ሊሉ ተዘጋጅተዋል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20። ከሰዓት፣ ከድብ ባሕር ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ

አውቶቡሱ ቢያንገጫግጭም እጽፋለሁ። ከተማ እስክደርስ አያስችለኝም።

ትናንት አያ ሞላ ደወሉ፤ የእናቴ ወንድም፣ ድብ ባሕር ገብስ የሚያርሱት። ሙሉ ታማለች ነይ አሉኝ። ሙሉ ልጃቸው ናት። ሠርጓ ከጥምቀት በኋላ ነው። ሳልውል ሄድኩ።

ሻሹን ፈታችልኝ። አምላኬ። ፀጉሯን ላጭተዋታል። ራሷ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ቆስሏል፣ አንዳንዱ ቦታ ውሃ ይቋጥራል። ያ ትከሻዋን አልፎ ይወርድ የነበረ ፀጉር!

ምን ተቀባሽ አልኳት። ሣጥን ከፍታ አመጣችው። የእትዬ ዝናሽ ቅባት። ለሙሽራ ስጦታ ብለው በሰው የላኩላት፣ ሦስት ብልቃጥ። ሁለቱ አልቋል።

ለካ ባሳከካት ቁጥር እሱኑ ይቀቧታል! ቅባት ነው፣ ያለሰልሳል ብለው። በቆሰለ ጊዜ ደግሞ አብዝተው። ሰዎች ናቸው ወይስ ምን ናቸው ብዬ ልጮኽ ነበር፤ ግን ማን ነገራቸው? አያ ሞላ የሰው ዓይን ነው ባይ ናቸው። ቅባቱ ነው አልኳቸው። ተገርመው አዩኝ። «ምነው ልጀ፣ ቅባቱማ ሸጋ ነው። እሱ ባይኖር ኑሮ ይብሳት ነበር።»

በዚያ ላይ የልጁ ወገኖች ዘንድ ወሬ ደርሷል። ሙሽራይቱ ቆረቆር አለባት ተብሎ። ሽማግሌ ሊልኩ ነው አሉ፣ ሊጠይቁ። ሊጠይቁ ማለት ሊያፈርሱ ማለት ነው።

ሙሉ ጠጋ ብላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እስከ ሠርጉ ይበቅላል ወይ? አላውቅም አልኳት። ይኼን ያህል ዓመት ኬሚስትሪ ተምሬ አላውቅም አልኳት።

ቅባቱን ነጥቄ፣ ጤና ጣቢያ አድርሻት፣ መጣሁ። ሦስተኛው ብልቃጥ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

የሙሉን ብልቃጥ ትናንት መረመርኩት። ጉብታው ከስክሪኑ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ከስድስቱም ይብሳል።

ዛሬ ሳልናገር ፀዳ ሄድኩ። ሲያዋሕዱ ልይ ብዬ።

እትዬ ዝናሽ ስመው፣ አገላብጠው፣ ከበርሜሉ አጠገብ አስቀመጡኝ። አዳራሹ ንጹሕ ነው፣ ምን ይወጣለታል። ጓንት፣ የፀጉር መሸፈኛ፣ ሚዛን። ሥልጠና የወሰዱበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ማቆያውን ከጀሪካን መለኪያ ላይ ቀዱ። ዝቅ ብለው በዓይናቸው ትክክል አዩት። ልክ ነው! ጠብታ አልዛነፈም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በቃ ማሽኑ ነው ያበደው፣ እኔ ነኝ ያበድኩት ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር።

መለኪያውን ገለበጡት። ከዚያ ጀሪካኑን መልሰው አነሡ። አንድ ቆርኪ ሞልተው ጨመሩ። ትንሽ አሰቡና ሌላ ግማሽ።

ይኼ ምንድን ነው አልኩ።

«ምርቃቱ ነዋ!» አሉ።

ደብተሬ፣ ይኼን ስሰማ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ፣ ከዚያ ሌላ ነገር። ምርቃቱ! ቅዳሜ ገበያ ጤፍ ሸጪዋ ቁናውን ሞልታ ከላይ አንድ እፍኝ ጣል እንደምታደርገው። ሳይመርቅ የሚሸጥ ማን አለ? ልኩን ብቻ ሰፍሮ እጁን የሚሰበስብ ሰው በእኛ አገር ስሙ ስስታም ነው። እትዬ ዝናሽ ደግሞ ሲሰጡ እጃቸው አይታጠፍም። ለበዓል ሲሆን ይጨምራሉ። ደስ ሲላቸው ይጨምራሉ። ለዚህ ነው አንዱ ከሌላው የማይገጥመው።

የሙሉንስ አልኳቸው። ፊታቸው በራ። የሙሽራይቱንማ ለብቻ ነው ያዋሓድኩት፣ እንዳይበላሽባት ደኅና አድርጌ መርቄላታለሁ አሉ።

ያን ጊዜ ጮኽኩ። በሠራተኞቻቸው ፊት። ራሷ ቆስሏል፣ ፀጉሯ ተላጭቷል፣ ሠርጓ ሊፈርስ ነው፣ በእርስዎ ምርቃት አልኩ። ይኼ ጤፍ አይደለም፣ መርዝ ነው አልኩ። መርዝ አልኩ። አፌን ያዝ የሚያደርግልኝ አልነበረም።

መለኪያውን አስቀመጡ። ከዚያ፣ ልክ ብቻ ሰጥቼ አላደግኩም አሉ። እናትሽ ብትኖር እንዲህ አታዋርጅኝም ነበር አሉ። ጓንታቸውን አወለቁና ጀርባቸውን ሰጡኝ።

እስከ አዘዞ መንገድ በእግሬ ነው የወጣሁት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24

ምክንያቱ ተገኝቷል አልኩት ለዶ/ር አ.። ከላይ እየጨመሩበት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ይታገድ፣ የተዋሓደው ይደፋ፣ በልኩ እንደ አዲስ ይሥሩ። ይኸው ነው መፍትሔው፣ ቀላል ነው።

የተቀበለኝ መሰለኝ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከዚያ ወረቀቱን ሳብ አድርጎ፣ በጣም የወጡትን ተያቸው አለኝ። የወጣ ቁጥር የስሕተት ቁጥር ነው አለ። የቀሩትን ደግሞ ካለፈው ጋር አድርገሽ አማካይ አውጪ አለ። ከዚያም ቢሆን አያልፍም አልኩት። እንግዲያው ያለፈውን ውሰጂ አለኝ። ያለፈውን! አንዱን!

ራስ የሚቀባው በአማካይ ነው እንዴ? ሙሉ አማካዩን ነው የተቀባችው?

ሌባ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አይደለም። ጉቦ አልተቀበለም፣ አውቃለሁ። የሚፈራው ሌላ ነው። ለጥምቀት እንግዶች ይመጣሉ፣ የሴቶቹ አዳራሽ ይጎበኛል፣ ከተማችን ሠራች ይባላል፣ ይኼን ሁሉ ማን ያበላሻል? ዶ/ር አንተነህማ አያበላሽም። በዚያ ላይ ለክርስትና እናትሽ ማዘን የነበረብሽ አንቺ ነሽ አለኝ፣ በዚያ ፈገግታ።

አልፈርምም ብዬ ወጣሁ። በሩን ወርውሬ ዘጋሁት። መስተዋቱ አልተሰበረም፣ ያሳዝናል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29። ገና

ከተወለድኩ እትዬ ዝናሽ ቤት ያልዋልኩበት የመጀመሪያው ገና። አልጠሩኝም። አልሄድኩም።

ሰባት ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። ከሠራተኞቻቸው አንዷ ናት። በምግብ ዕቃ ዶሮ፣ ከነእንቁላሉ። ቃል አልላኩም። ልመልሰው አሰብኩ። ክዳኑን ከፈትኩት። በላሁት። እያለቀስኩ በላሁት። ይጥማል፤ መጣሙ ራሱ አናደደኝ።

ልጅቱን አንድ ነገር ጠየቅኳት፤ ማዋሓድ አቆሙ ወይ? ለጥምቀት ቀንና ሌሊት ነው የምንሠራው አለች።

ዓርብ፣ ጥር 2

ፒያሳ። ሳሙና ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ቅባቱ ከመደርደሪያው አናት እስከ ወለል። ከላዩ ወረቀት ተለጥፏል፣ ፎቶ ኮፒ። የእኛ መ/ቤት ማኅተም። ምርመራውን አልፏል ይላል። ከታች የዶ/ር አ. ፊርማ። ከፊርማው በላይ፣ መርማሪ በሚለው ቦታ፣ ስሜ። ከነአያቴ ስም።

ባለሱቁ ስሜን በጣቱ እየነካ፣ እሷ ናት የመረመረችው፣ ሸጋ ባለሙያ ናት አሉ፣ ያዥ አንድ አለኝ። ለእኔው! አንዲት እናት ከጎኔ ሁለት ልጆቿን ይዛ ለሦስታቸው ስትገዛ ቆሜ አየሁ። አይግዙ አልኳት። ባለሱቁ ሳቀ። እሷም ወረቀቱን አይታ ሳቀች። ስሜ በእኔ ላይ መሰከረብኝ።

ዶ/ር አ.ን ቢሮው አገኘሁት። ስምሽ ነው እንጂ ፊርማሽ አይደለም፣ ምን ያስጮኽሻል አለ። ሥራሽን ሠርተሻል፣ ያለፈው ብልቃጥ አልፏል፣ ምን ውሸት አለው አለ። ውሸት የለውም እኮ! እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። አንዲት ውሸት ሳይናገር እንዲህ ያለ ነገር ሠራ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መምታት አማረኝ። አልመታሁም። እርሳሱን ሰብሬ ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። አቤት ጀግንነት።

ሰኞ፣ ጥር 5። ማለዳ

በር ስከፍት እትዬ ዝናሽ። ጫማቸው አቧራ፣ ነጠላቸው የተጨማደደ። ይግቡ ልበል አይግቡ ልበል ሳላውቅ ገብተው ተቀመጡ።

ድብ ባሕር ሄደው ነበር። ለብቻቸው። ትዋሻለች ብለው ጠርጥረውኝ፣ በዓይኔ ልይ ብለው። ሙሉን ሻሽሽን ፍቺ አሏት። አዩ። ከዚያ በላይ የነገሩኝ በቁርጥራጭ ነው፣ እንዳገኘሁት እጽፈዋለሁ።

ያን ዕለት የልጁ ሽማግሎች አያ ሞላ ቤት መጥተው ነበር። ቆረቆር ነው አይደለም እየተባለ። እትዬ ዝናሽ ተነሡ። በዚህ ዕድሜያቸው፣ በማያውቋቸው ሰዎች መካከል። ልጅቱ ንጹሕ ናት አሉ። ቆረቆርም ዓይንም አይደለም፣ ያቆሰልኳት እኔ ነኝ፣ ቅባቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አብዝቸ ጨምሬበት ነው አሉ። ይማሉ ወይ ቢሏቸው ማሉ። ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ፀጉሯ እስኪመለስ ሠርጉ ወደ ፋሲካ ይለፍ ብለው ሄዱ። አልፈረሰም።

ይኼን ሲነግሩኝ እኔን አላዩኝም። የጫማቸውን አቧራ ነበር የሚያዩት።

ከዚያ «በይ ልኩን አሳይኝ» አሉ።

ከመለኪያው በላይ ጠብታ የለም አልኳቸው። ምርቃት የለም፣ ለበዓልም፣ ለሙሽራም፣ ለእኔም። ስስት ነው አሉ ቀስ ብለው። አዎ ስስት ነው አልኩ። እሺ አሉ። ከዚያ አለቀሱ። እኔ ደግሞ ተቆጥቼ የምጨርሰው ሰው አጣሁ፤ ቁጣዬ ግን ንቅንቅ አላለም፣ ተቀምጧል።

የተሠራውን በሙሉ ሊሰበስቡ ነው። ለጥምቀት አንድም ብልቃጥ አይወጣም አሉ።

ረቡዕ፣ ጥር 7

አይሆንም። አይሰጡም!

እትዬ ዝናሽ ሁለት ቀን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ሄዱ። ቅባቴን መልሱልኝ፣ የሰጣችሁኝን ልመልስ፣ ጉዳት አለው አሉ። ራሳቸው ባለቤቷ! ባለሱቆቹ ወረቀቱን እያሳዩ ይመልሷቸዋል። መንግሥት አልፏል ያለውን አንቺ ማን ነሽ ተባሉ። ዋጋ ልትጨምሪ ነው ያላቸውም አለ። አንዱ ደግሞ፣ እናቴ አርጅተዋል መሰለኝ፣ ብሎ ለደንበኞቹ ሳቀባቸው። በዓል ነው፣ ቅባቱ እየተሸጠ ነው፣ ማን ይሰማል።

ለዶ/ር አ. ነገርኩት። ባለቤቷ ራሷ አምናለች፣ ወረቀቱን ሰርዝ አልኩት። ማኅተም ያረፈበትን መሰረዝ መ/ቤቱን ያዋርዳል አለ። ከጥምቀት በኋላ በኮሚቴ እናየዋለን አለ። ከጥምቀት በኋላ! ያ ሁሉ ሰው ተቀብቶ ካለቀ በኋላ! ደግሞ ቀስ ብሎ፣ የሥራ ውልሽ የሚታደሰው በዚህ ወር መሰለኝ አለኝ። መሰለው። እሱ ነው የሚያድሰው።

ዛሬ እሳቸው ከፒያሳ ሲመለሱ እግራቸውን በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኩላቸው።

ሐሙስ፣ ጥር 8። ከጠዋቱ 4 ሰ.

ትናንት ወደ ማምሻው ላቦራቶሪ ተመልሼ የስድስቱንም ብልቃጥ ውጤት አወጣሁ፣ የሙሉን ሰባተኛ አድርጌ። ከሥሩ በእጄ ጻፍኩ፤ አላለፈም። ይኼ ቅባት ራስ ላይ አይደረግ። ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ስልኬን ጨመርኩ። ማኅተም የለውም። ማኅተም እኔ ጋ አይደለም ያለው።

አንዱን ለሚመለከተው ቢሮ ዛሬ ጠዋት በሩ እንደተከፈተ አስገብቻለሁ፣ ተቀብለናል ብለው ፈርመውልኛል። አንዱን ዶ/ር አ. ጠረጴዛ ላይ ልተወው ነበር፤ ማን እንዳደረገው እንዳይጠይቅ ቆሜ ጠበቅኩትና በእጁ ሰጠሁት። ሳይቀመጥ አነበበው። ፈገግ አላለም። ከዚህ በር ከወጣሽ አትመለሽም አለኝ። እሺ አልኩት።

የቀረው ለሱቆቹ ነው። ነገ ከተማው በሰው ይሞላል፣ ከነገ ወዲያ ከተራ ነው፣ ዛሬ ካልሆነ አይሆንም። እትዬ ዝናሽ አትምጪ ብለው ሲለምኑኝ ቆዩ። እኔ አሮጊት ነኝ፣ ቢስቁብኝ ይስቁብኝ፣ አንቺ እንጀራሽ ነው አሉ። አብረን ነው የምንሄደው አልኳቸው። ያለእኔ ወረቀት አያምኗቸውም፣ ያለእሳቸው እኔን ምቀኛ ይሉኛል። የሰሪዋና የመርማሪዋ አፍ አንድ ሲሆን ምን እንደሚሉ እናያለን።

ፈርቻለሁ። ግን ያቺ ሁለት ልጆች ይዛ የነበረችው እናት ትዝ ስትለኝ ፍርሃቱ ወደ ንዴት ይለወጥልኛል፣ ንዴት ደግሞ እግር ያስነሣል።

ባጃጁ ጡሩምባውን እየነፋ ነው። እትዬ ዝናሽ ከውስጥ ሆነው ስሜን ይጠራሉ። ያን የሳቀባቸውን ባለሱቅ መጀመሪያ ብለናል፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ሱቆች። መጣሁ!